ልቡናን መሰብሰብ፦ በሐዋሳ ለሚኖር ምእመን የጸሎትና የቅድሚያ ጉዳዮች ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት ዳዊት ለመድገም አስቦ የተኛ ሰው፣ ሲነቃ እጁ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። ሰዓት ለማየት ያነሣዋል። ከሰዓቱ ሥር የቴሌግራም መልእክት አለ፤ መልእክቱን ሲከፍት የተላከለት ቪዲዮ አለ፤ ያ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ቀና ሲል 1 ሰዓት አልፏል። ፊቱን ታጥቦ፣ አማትቦ፣ ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልት ይሮጣል። ማታ «ዛሬም ሳልጸልይ ዋልኩ» ብሎ ራሱን ይወቅስና ነገ እንደሚበረታ ቃል ይገባል። ነገም ያው ይደገማል።

እንዲህ ያለውን ሰው እምነቱ ቀዝቅዟል ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ፍላጎቱ አለው፤ የጎደለው ከመተኛቱ በፊት መደረግ የነበረበት ዝግጅት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ማታ ጥለው ጠዋት እንደሚያወጡት፣ የጠዋት ጸሎትም የሚያዘው ማታ ነው። ፈተናው በመጣበት ሰዓት ከመታገል ይልቅ ሰዓቱን፣ ቦታውንና መጽሐፉን ቀድሞ ማሰናዳት እጅግ ይቀላል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

መመሪያው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚጸልዩ የተጻፈ ነው። ስለ ስልክ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ኳስና ስለ ሥራ የተባለው ግን በሌላ እምነት ላሉ ጎረቤቶቻችንም ይሆናል።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ መመዝገብ ብቻ

አንድ የኪስ ደብተር ይግዙ። ለሰባት ቀን ምንም ሳይለውጡ፣ ልታደርጉት ካሰባችሁት ነገር የጎተታችሁን ሁሉ በሦስት ቃል ጻፉ፦ ሰዓቱ፣ የታሰበው፣ የጎተተው። «12:20፣ ውዳሴ ማርያም፣ ስልክ»። «11:30፣ ልጆችን ማስጠናት፣ ኳስ ቤት»። «እሑድ 1 ሰዓት፣ ቅዳሴ፣ እንቅልፍ»። ምክንያትና ማብራሪያ መጻፍ አያስፈልግም፤ የሚያብራራ ሰው በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል።

ስልኩም ራሱ ይመሰክራል። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ዲጂታል ዌልቢንግ» የሚለውን ክፈቱ፤ በአይፎን «ስክሪን ታይም» ይባላል። በቀኑ ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ፣ ስልኩን ስንት ጊዜ እንዳነሣችሁና ስንት ማሳወቂያ እንደደረሰ ያሳያል። ማታ ማታ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ደብተሩ ላይ ገልብጡ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በሰዓቱ ብዛት ነው፤ ጸሎትን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ስልኩ የተነሣበት ጊዜ ብዛት ነው። በየአምስት ደቂቃው ስልክ የሚያነሣ እጅ፣ ዳዊት ይዞ ሲቆምም በየአምስት ደቂቃው ይቁነጠነጣል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ራስን ማስተካከል ነው፤ ያኔ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ጥፋት የሚመስለውን ብቻ መመዝገብ ነው። የዕድር ስብሰባ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኮሚቴ፣ የጓደኛ ሠርግ ግዢ፣ የጎረቤት ቡና ሁሉ ይመዝገብ።

በሰባተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ከመጀመሪያው እያነበባችሁ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን አንድ ፊደል አድርጉ፦ ለከንቱው «ከ»፣ ለግዴታው «ግ»፣ መልካም ሆኖ ጊዜው ላልነበረው «መ»። ከሦስቱ በጥንቃቄ መታየት ያለበት «መ» ነው። ከንቱውን ነገር ሰው ከንቱ መሆኑን ያውቀዋል፤ ንስሐም ይገባበታል። መልካሙ ግን ስለማይወቀስ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ይውላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ማርታ ስትባክን የነበረችው ጌታን ለማስተናገድ ነበር፤ ሥራዋ ክፉ አልነበረም። ያም ሆኖ ማርያም በጎውን ዕድል እንደመረጠች ተነግሯታል። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ላይ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ክፍል ቆም ብለው ቢያዩት ደግ ነው። ለጉባኤ ወንበር ሲደረድሩና ድምፅ ማጉያ ሲያስተካክሉ ውለው፣ ወር ሙሉ የራሳቸውን ጸሎት ሳያደርሱ የሚከርሙ ብዙዎች ናቸው።

ሦስት ቅድሚያ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም

«እግዚአብሔር፣ ቤተሰብ፣ ሥራ» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይጠቅምም። ቅድሚያ የሚባለው ሰዓትና ቦታ ሲኖረው ነው። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦

«ጠዋት ከ12 እስከ 12:30፣ ሳሎን ምሥራቁ ግድግዳ ፊት ቆሜ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ።»

«ማታ ከ1:30 እስከ 2:30 ከቤተሰቤ ጋር ራት እበላለሁ፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ማዕድ ላይ አይቀርብም።»

«ከ3 እስከ 5 ሰዓት ከባዱን ሥራዬን እሠራለሁ፤ የቴሌግራም መልስ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው።»

አራተኛ ከጨመሩ አንዱ መውደቁ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚወድቀው ጸሎቱ ነው፣ ምክንያቱም የቀረ ጸሎት ደውሎ የሚጠይቅ አለቃ የለውም።

ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ይህን እርምጃ መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ላይ ልቡ የተነካ ሰው፣ በማግሥቱ ሰባቱንም የጸሎት ሰዓት እጠብቃለሁ ብሎ ይነሣል። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተስፋ መቁረጥ ከመጀመሪያው ስንፍና የከፋ ነው። ለአባት የምትነግሩት ይኸው ነው፦ ስንት ሰዓት እንደምትነሡና እንደምትተኙ፣ ሥራችሁ ምን እንደሆነ፣ ባለትዳር ወይም ሕፃን ያላችሁ መሆናችሁን፣ ሕመም ካለ ሕመሙን፣ አሁን በትክክል ምን ያህል እንደምትጸልዩ። ከዚያ «አባታችን፣ የእኔ ልክ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናት በብዙ ሰው ስለሚከበቡ በሥራ ቀን ጠዋት ከኪዳን ጸሎት በኋላ ብትሄዱ ተረጋግታችሁ ትነጋገራላችሁ።

ሰዓቶቹና መጠኑ

ሰባቱ የጸሎት ሰዓታት ነግህ (ንጋት)፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (መኝታ) እና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። በሐዋርያት ሥራ መንፈስ ቅዱስ የወረደበት 3 ሰዓት፣ ጌታ በተሰቀለበት ቀን ጨለማ የሆነበት 6 ሰዓት፣ ነፍሱን የሰጠበት 9 ሰዓት በእጃችን ላይ ካለው ሰዓት ጋር አንድ ነው። ሰዓቱ ራሱ እያስታወሰ ይውላል።

ሥራ የሚውል ሰው ነግህንና የመኝታውን ጸሎት ሙሉ አድርጎ፣ የቀኑን ሦስቱን በአጭሩ ቢይዝ ይበቃዋል። 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ላይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ በቢሮ ወንበር ላይ፣ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ወይም ባጃጅ አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠበቅ በልብ ይደርሳል።

ለዳዊት ያለው ነባር ድልድል ይህ ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ። ሠራተኛ ሰው ሰኞ በሠላሳ መዝሙር ጀምሮ ማክሰኞ ቢያቆም የሚደንቅ አይደለም። ለእርሱ የሚሻለው በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር ይዞ በ15 ቀን መላውን ዳዊት መፈጸም ነው። አንድ ንጉሥ ሳይጣደፉ ሲነበብ እንደ መዝሙሮቹ ርዝመት ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከ111 እስከ 120 ባለው ውስጥ 176 ቁጥር ያለው ረጅሙ መዝሙር አለ። ይህን ያላወቀ ሰው በዚያ ቀን ሥራ ሊረፍድበት ሆኖ ያቋርጥና ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ያንን መዝሙር አስቀድሞ ለጠዋትና ለማታ ከፍሎ መመደብ ነው።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የሚሠሩ፣ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆኑና ማታ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ሰዓቱን በሰዓት ቆጣሪ ሊይዙት አይችሉም፤ ፈረቃው በተቀየረ ቁጥር ይፈርሳል። እነርሱ ጸሎቱን ከመንቃት ጋር ያያይዙት፦ የትኛውም ሰዓት ይሁን፣ ከእንቅልፍ ተነሥቶ ፊት ከመታጠብ ቀጥሎ፣ ከምግብ በፊት። አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ እኅቶች ደግሞ ትልቁ ችግራቸው ጸጥታ ማጣት ነው። አብረው የሚኖሩት የሚስማሙ ከሆነ ለግማሽ ሰዓት ሬዲዮና ስልክ የማይከፈትበትን ጊዜ በጋራ መወሰን ይቻላል። ካልተስማሙ ከሥራ መልስ በሠፈር ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዐሥራ አምስት ደቂቃ መቆም ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ከመታገል ይሻላል።

የማታው ዝግጅት

ይህ ሥራ ዐሥር ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከመኝታ ጸሎት በፊት ይሠራል።

1. ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጪ፣ በኩሽና ወይም በበሩ አጠገብ ባለ ሶኬት ቻርጅ ላይ ሰኩት። የምትኖሩት በአንድ ክፍል ከሆነ ከአልጋ ሳይነሡ የማይደረስበት ቦታ፣ ቁም ሣጥን ላይ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

2. መቀስቀሻው የጠረጴዛ ሰዓት ይሁን። ባለ ባትሪው ርካሹ ይበቃል። ስልክ ሲቀሰቅስ ማጥፊያው ያለው ከማሳወቂያዎቹ ጋር አንድ መስኮት ላይ ነው፤ የጠዋቱ ውድቀት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

3. መጽሐፉን በነገው ገጽ ላይ ክር አድርጋችሁ በመጸለያው ቦታ አስቀምጡት። ዳዊቱና ውዳሴ ማርያሙ የወረቀት ይሁኑ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ባሉ የንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች ይገኛሉ። ከስልክ እየተነበበ የሚጸለይ ጸሎት በሰው ጥሪ፣ በመልእክትና በባትሪ ማለቅ ይቋረጣል።

4. ነጠላውን በዚያው ቦታ ስቀሉት። ጨለማ ውስጥ ነጠላ ፍለጋ ቁም ሣጥን መክፈት ቤተሰብ ይቀሰቅሳል፤ ሰዓትም ይበላል።

5. ጧፍና ክብሪት አዘጋጁ። መብራት ጠፍቶ ሲነጋ ሰው የስልኩን ባትሪ መብራት ለመጠቀም ስልኩን ያነሣል፤ ሲያነሣም ያው ነው።

6. 11:30 ላይ ለመነሣት ከሌሊቱ 4:30 ላይ መተኛት ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ይሰጣል። ለብዙ ሰው የጠዋቱን ጸሎት የሚገድለው ይኸኛው መስመር ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ረከሰ ተብሎ የሚመሸው ምሽት የሚከፈለው ከነግህ ጸሎት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የተኛ ሰው ለጸሎት ቢነሣ እንኳ ዳዊቱን ይዞ ቆሞ ያንቀላፋል።

ስልኩን ማስገራት

ስልክ ዛሬ የሥራ፣ የገንዘብና የዘመድ መገናኛ ነው። ጣሉት ማለት የማይሆን ምክር ነው። ማስገራት ግን ይቻላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት መድቦ እንዲህ ማስተካከል ነው።

ከቴሌግራም ይጀመር። ቻናሎችንና ግሩፖችን አንድ በአንድ እየነካችሁ ድምፃቸውን አጥፉ፤ ከዚያ ወደ አርካይቭ ላኳቸው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ድምፁ ሳይጠፋ አርካይቭ የተደረገ ግሩፕ አዲስ መልእክት ሲገባ ተመልሶ ወደ ዋናው ዝርዝር ይወጣል፤ ድምፁ የጠፋው ግን እዚያው ይቀመጣል። በዋናው ዝርዝር የሚቀሩት ቤተሰብ፣ ሥራና ዕድር ብቻ ይሁኑ። የመንፈሳዊ ቻናሎችም እዚያው አርካይቭ ይግቡ። አሥር የስብከት ቻናል ይዞ ሁሉንም በግማሽ የሚሰማ ሰው፣ አንድ ስብከት እስከ መጨረሻው ከሚሰማው ያነሰ ነው የሚያገኘው።

ዩቲዩብ ላይ መዝሙር ለመክፈት ገብቶ በሌላ ነገር መወሰድ የብዙዎች ችግር ነው። ሁለት ነገር አድርጉ። በመጀመሪያ ራሱ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ የሚያልፈውን «ኦቶፕሌይ» አጥፉ። ቀጥሎ በሴቲንግ ውስጥ ያያችኋቸውን ቪዲዮዎች የሚያስቀምጠውን ታሪክ አጽዱና ቀረጻውን አቁሙ። ታሪክ ሲጠፋ የመጀመሪያው ገጽ የሚያቀርበው ስለሌለው ባዶ ይሆናል፤ የፈለጋችሁትን በስም ፈልጋችሁ ብቻ ታያላችሁ።

ለቲክቶክና ለፌስቡክ በዲጂታል ዌልቢንግ ውስጥ የጊዜ ገደብ ይቀመጣል። በ30 ደቂቃ መጀመር ይበቃል። ሰዓቱ ሲያልቅ መተግበሪያው ይዘጋል፤ ምልክቱም ይደበዝዛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ፦ ገደቡ የሚታደሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሰዓት ያልተኛ ሰው አዲስ 30 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ያንኑም ይጠቀምበታል። ገደቡ የሚሠራው በጊዜ ለሚተኛ ሰው ብቻ ነው።

በጸሎትና በራት ሰዓት «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚባለውን በየቀኑ ራሱ እንዲበራ በሰዓት ሙሉት። እናቴ ብትታመምስ ለሚል ሥጋት መፍትሔ አለው፤ የቅርብ ቤተሰብን ስም በኮከብ ምልክት አድርጋችሁ የእነርሱ ጥሪ ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። በአንድሮይድ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለ እንዲጠራ የሚያደርግ ምርጫም አለ። ይህ ከተደረገ በኋላ ስልክን ለጸሎት መተው የሚያስፈራ ነገር የለውም።

የውርርድ መተግበሪያ ካለ ገደብ አያስፈልገውም፤ ይጥፋ። ገንዘብ ያስያዘ ሰው ልቡ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ድረስ ገንዘቡ ጋር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቢቆምም ውጤት ያስባል።

ጸሎት ላይ ቆሞ ሐሳብ ሲበተን

ስልኩ ቢጠፋ፣ ቤቱ ጸጥ ቢል፣ ሐሳብ ግን ከሰው ጋር አብሮ ይቆማል። ይህ ጉዳይ በጣም ስለሚጠየቅ ዘርዘር ብሎ ይነገር።

በልብ ከማንበብ ይልቅ ለራስ ጆሮ በሚሰማ ድምፅ ማንበብ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ዓይን ብቻውን ሲያነብ ልብ ሌላ ቦታ ሄዶ ዓይን ግን ገጹን ይጨርሳል። አፍና ጆሮ ሲጨመሩ መሸሻው ይጠባል። ሕፃን የሚተኛበት ቤት ከሆነ ከንፈርን ማንቀሳቀስም ይረዳል።

ቁሙ። ተቀምጦና ተደግፎ የሚጸለየው ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ የተፈቀደ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ግን ወንበር የእንቅልፍ በር ነው። ፊት ወደ ምሥራቅ፣ ከፊት ሥዕለ አድኅኖ፣ ከተቻለም የበራ ጧፍ ይኑር። ዓይን የሚያርፍበት ካላገኘ የግድግዳውን ስንጥቅና ያልታጠበውን ሳህን ያያል።

ሐሳብ ሲመጣ ዓይነቱን ለዩ። አንዳንዱ ጉዳይ ነው፦ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያልተላከ ወረቀት። እንዲህ ያለው ሐሳብ እንዳይረሳ ስለሚፈራ ነው የሚመላለሰው። አንድ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ከመጽሐፉ አጠገብ አስቀምጡ፤ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፣ «ኪራይ» በሉና ተመለሱ። ከተጻፈ በኋላ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከጀመራችሁ ግን ጸሎቱ ቀርቶ ዕቅድ ማውጣት ሆኗል።

ሌላው ሐሳብ ቂም ነው። ትናንት የተባለ ክፉ ቃል መልሶ መላልሶ ይመጣል፤ መልስም ያዘጋጃል። ይህ በወረቀት አይለቅም። የሰውዬውን ስም ጠርቶ «አቤቱ ማረው፣ እኔንም ማረኝ» ብሎ ወደ ንባቡ መመለስ ነው። ደጋግሞ ቢመጣ ደጋግሞ ያንኑ ማለት። እርቅ የሚያስፈልገው ጉዳይ ከሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደታዘዘው መባውን ትቶ አስቀድሞ መታረቅ ይቀድማል፤ ያልታረቀ ሰው ጸሎቱ ላይ ሐሳቡ ተበተነ ብሎ ቢገረም አይገባም።

ሦስተኛው ባዶ ወሬና ቪዲዮ ነው፤ ማታ የታየው ጠዋት ይመለሳል። የዚህ መድኃኒት ያለው በትናንቱ ማታ ነው።

ሐሳባችሁ መበተኑን ባወቃችሁ ጊዜ ከዚያው ከደረሳችሁበት ቁጥር ቀጥሉ። መዝሙሩን ከመጀመሪያው መድገም የተለመደ ስሕተት ነው። የሚደግም ሰው አንዱን መዝሙር ሦስት ጊዜ ጀምሮ ይደክማል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ጸሎት ፈተና ሆኖ ይታየዋል። በልብ አንድ ጊዜ «እግዚኦ ተሣሃለኒ» ብሎ መቀጠል ይበቃል። መስገድ በሚፈቀድባቸው ቀናት አንድ ስግደት መስገድም ሥጋን ያነቃል። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ በበዓለ ሃምሳና ቅዱስ ቁርባን በተቀበሉበት ቀን ግን ስግደት የለም።

ቡና፣ ሠርግና ኳስ

ቡና ሲፈላ ተጠርቶ መቅረት በእኛ ሀገር ሰውን መናቅ ነው። ቡናው ከመቆላቱ እስከ በረካ ሲታሰብ ግን አንድ ሰዓት ተኩልም ሁለት ሰዓትም ይወስዳል። በሳምንት አራት ጊዜ የሚጠራ ሰው ሙሉ የሥራ ቀን እያወጣ ነው። የሚሻለው ዘግይቶ መድረስ ነው፦ «እትዬ፣ አቦሉን ይቅደሙ፤ ጸሎቴን አድርሼ ለቶናው እመጣለሁ» ማለት ይቻላል። አቦል ጠጥቶ መነሣት ያስከፋል፤ ለቶና ደርሶ እስከ በረካ መቆየት ግን ጎረቤትን ያስደስታል፤ ግማሹንም ጊዜ ያተርፋል። ምርቃቱም አይቀርባችሁም።

ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ይኬዳል። ሠርግ ላይ ግን መምረጥ ነውር የለውም። ከሽምግልና እስከ ቅልቅል ያለውን ሁሉ የሚከተል የሩቅ ጓደኛ የሦስት ቅዳሜና እሑድ ጊዜ ያጣል። ዋናው ቀን ላይ ተገኝቶ ለቀሪው አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ይገባል። ሙሽሮቹ የሚያዝኑት ሳይነግር በቀረ ሰው ነው።

ኳስን በተመለከተ የሰዓቱ ጉዳይ ይታሰብ። የሻምፒዮንስ ሊግ የማታ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ጀምሮ ወደ 6 እና 7 ሰዓት ያልቃል፤ ቀኑም አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ይህ የረቡዕንና የሐሙስን የነግህ ጸሎት ይወስዳል። የቅዳሜ ማታው ጨዋታ ደግሞ የእሑድን ቅዳሴ ይነካል። ኳስ የሚወድ ሰው በሳምንት አንድ ጨዋታ መርጦ ቀን ላይ የሚደረገውን ቢያይ፣ የሌሊቱን ጎል ጠዋት ከሥራ በኋላ በአጭሩ ቢያይ ምንም አይጎድልበትም። ኳስ ቤት የሚያስቀምጠው ከጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው በኋላ ያለው ክርክር ስለሆነ፣ ፊሽካ ሲነፋ መነሣት የሚባል ሕግ ለራስ ማውጣት ይጠቅማል።

ሥራና ጥናት

ጸሎቱን አድርሶ ሥራውን የሚያባክን ሰው ጎዶሎ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በምዕራፍ 5 «ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ዋጁ» ያለው ለቀኑ ሁሉ ነው። ከባዱን ሥራ ጠዋት ስሩ፤ የሐዋሳ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ጭንቅላት ያደክማል። 45 ደቂቃ ሠርቶ 10 ደቂቃ መነሣት፣ በዕረፍቱ ደግሞ ስልክ ሳይነኩ ውኃ መጠጣትና መራመድ ለብዙ ሰው ይስማማል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዶርም ውስጥ ከመጨቃጨቅ ቤተ መጻሕፍት መግባት ይሻላቸዋል። በማለዳ ፍቅር ሐይቅ ዳርም ጸጥ ያለ ነው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ለጥናት አይሆንም።

ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ ሰው የቁርስና የምሳ ጊዜ ይተርፈዋል። ይህ ጊዜ ሳይታወቅ በወሬ ያልቃል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ የምሳ ሰዓቱን ለአንድ ምዕራፍ ወንጌልና ለ6 ሰዓት ጸሎት ቢመድበው፣ ጾሙና ጸሎቱ ይደጋገፋሉ።

የቅዳሜ ማታ ምርመራ

ቅዳሜ ማታ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ዐሥር ደቂቃ በቂ ነው። ሦስቱን ቅድሚያዎች አንብቡ፤ ስንት ቀን እንደተጠበቁ ቁጠሩ፤ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ። ከሰባቱ አምስቱ ከተጠበቁ ሳይነኩ ይቀጥል። ሦስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መጠኑ በዝቷል ወይም ሰዓቱ ተሳስቷል፤ ለንስሐ አባት ነግሮ መቀነስ እንጂ በቁጭት መጨመር አይገባም።

ሲቋረጥ

በሕመም፣ በጉዞ፣ በለቅሶ ይቋረጣል። የቀረውን ለመሙላት ሦስት ንጉሥ በአንድ ጠዋት አትያዙ፤ የዛሬውን ብቻ ይዛችሁ ቀጥሉ። ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ በመጀመሪያው ቀን የዘወትር ጸሎት ብቻ፣ በሁለተኛው ውዳሴ ማርያም ተጨምሮ፣ በሦስተኛው ዳዊቱ ይመለስ።

በየዓመቱ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ። 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ጠንክሮ የቆየ ሰው፣ ጾሙና ስግደቱ ሲነሣ የቀኑ አጥር ሁሉ ይፈርስበታል። ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ያ የተረፈው የምሳ ሰዓት ይጠፋል። ደስታው የትንሣኤ ነውና መጾም አይገባም፤ ሰዓቱን ግን መያዝ ይቻላል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሰባት ረቡዕና ሰባት ዓርብ አሉ። የሐዋርያት ሥራ 28 ምዕራፍ ነው። በእያንዳንዱ ረቡዕና ዓርብ፣ ምሳ ከበሉ በኋላ ሁለት ምዕራፍ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን በበዓለ ሃምሳ መጨረሻ ላይ ይፈጽማል። በማግሥቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ሲገባ፣ ያ ሰዓት በቦታው ስላለ እንደ አዲስ መጀመር አያስፈልገውም።